አጎቴና የአጨዳው መጀመሪያ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው የማሽላ አጨዳ ዕለት፣ ባለቤታቸው ከጎተራው ደጅ፣ የቆላ እርሻ ሊማሩ ከአጎቴ ዘንድ የመጡት ወጣቶች ማጭዳቸውን ይዘው ከማሳው ጠርዝ፣ እኔም ከእነሱ ኋላ ቆመን ነበር። እሳቸው ይቆሙበት የነበረው የማሳው ራስ ባዶ ነበር።

ከሳንጃ በታች ባለው እርሻቸው ከጨው በቀር ሁሉን በእጃቸው ያመርቱ ነበር። አጨዳውን ግን አንድም ጊዜ ራሳቸው አልጀመሩም፤ የሚያስጀምሩት በዚያ ዓመት አዲስ የመጣውን ሰው ነበር። አምና ተራው የእኔ ሆነ። ዕድሜዬን ጎንደር ከተማ ያሳለፍኩ ነኝና ያልደረሰ ዛላ ቆረጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ ጥርስ የለውም ብለሽ ለስላሳውን መረጥሽልኝ?» አሉና ስቀው፣ እሸቱን ጠብሰው በሉት።

ዘንድሮ አዲሷ ከጎንደር ማራኪ ሰፈር የመጣች ተማሪ ናት። ማጭዷን ይዛ ቆመች፤ ጀምሪ የሚላት ግን አልነበረም። ወፉ ማሽላው ላይ ይወርድ ጀመር።

«ሊጨርሰው እኮ ነው!» አሉኝ ባለቤታቸው። «አንቺ ጀምሪ በያት እንጂ!»

ወደ ማሳው ራስ ሄጄ ቆምኩ።

«እጨጂ ልጄ» አልኳት፤ «ብታበላሺውም እንበላዋለን።»

አንድ ዛላ ቆረጠች። ሌሎቹም እየሳቁ ጎንበስ አሉ። ጥቂት አየኋቸውና ወደ ጎንደር ልመለስ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ።