ደህና ናት የተባለችው

የመድኃኒት ቤት ጥጥ ከጥቅሉ ሲፈታ የሚሸተውን ታውቂው ይሆናል፤ እኔ አልወደውም። ባለፈው ሳምንት ለቁስሌ ስፈታው ነገሌ አደረሰኝ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ።

ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሰሜን ተዛውሮ ነው የሄድነው። መንታ ሴቶች በሰባት ወራቸው መጡብኝ። ትንሿ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም፤ ከቆዳዋ መሳሳት ደም ሥሯ ይቆጠር ነበር። ድሬሰሩ፣ ሐኪማችን እሱ ብቻ ነበር፣ ሁለቱንም አያቸውና "ልጄ፣ ትልቋ ደህና ናት፣ እሷን ያዢ። ትንሿ አትኖርም፣ በከንቱ አትድከሚ" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔን ግን እልህ ያዘኝ፤ ማን ጠየቀህ አልኩ በሆዴ።

ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ጠዋት "ናጋ ቡልቴ?"፣ ደህና አደርሽ፣ እያለች ገባች። ልጆቹን በጥጥ ተጠቅልለው ስታይ ራሷን ነቀነቀች። "ሆድሽ ሳይጨርሳት ወጣች፤ ደረትሽ ይጨርሳት" ብላ ትንሿን ራቁቷን ጡቶቼ መሃል አስገብታ በነጠላ አሰረችልኝ። እጇ ጭስና ቅቤ ይሸት ነበር።

"ትልቋንስ እኔ ልያዛት?" አለችኝ።

"እሷማ ደህና ናት" አልኳት። ጥጥ ባነጠፍንበት ቅርጫት ውስጥ ተውኳት።

ጡቴን እያለብኩ በጥጥ ጫፍ ለሁለቱም ጠብ አደርግላቸው ነበር። ከደረቴ የማትወርደው ግን ትንሿ ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ እጄን ወደ ቅርጫቱ ሰደድኩ። ትልቋ ቀዝቅዛ ነበር።

የጎረቤት ሴቶች "ክርስትና ሳትነሣ ነው የሞተችው፣ አይለቀስላትም" አሉኝ። አንዷም ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። ትንሿን እንደታቀፍኩ ደጅ ወጥቼ ሰፈሩ እስኪሰማ አለቀስኩላት። ባሌ አፍሮ ሊያስገባኝ ቢመጣ እጁን መታሁት። ዘጠኝ ቀን ያጠባኋትን ልጅ ልጅ አይደለችም ሊሉኝ ነው? ዛሬም ስንት ወለድሽ ለሚለኝ ሁለት ነው የምለው።

ትንሿ ኖረች። እግሮቿ ግን አልተዘረጉም። "ምን ትሆንልሻለች?" ሲሉኝ አዝያት ትምህርት ቤት እወስዳት ነበር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ቀይ አቧራ። አሁን እዚያው ነገሌ አቅራቢያ፣ ወደራ ከተማ፣ አስተማሪ ናት፤ በክራንቿ ከእኔ ትፈጥናለች።

አንድ እሑድ ፀጉሬን እያበጠረች "እማ፣ ጠንካራዋን ትተሽ ለምን እኔን ያዝሽ?" አለችኝ።

"አትኖርም ስላሉሽ ነዋ። ዛሬም ቢሆን እይዝሻለሁ።"

"እሷስ?"

ድሬሰሩ ከነገረኝ ግማሹን እምቢ ብዬ ግማሹን አምኜው ነበር፤ የሚቆጨኝ ያመንኩት ነው።

"እሷንም መያዝ ነበረብኝ" አልኳት።

ልጄ ማበጠሩን ቀጠለች፣ ቀስ አድርጋ።