ብድግ ለማለት

እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ሚኒባሱ አልሞላም ሲሉኝ ወርጄ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ዳገቱን በእግሬ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ያለች ሰው ሽማግሌ የሚላክባት ቀን ሲራዘም፣ ደግሞ ሲራዘም ምን እንደምትሆን አስቡት።

ላገባው ያሰብኩት ሰው ከጎጃም ለትምህርት መጥቶ እዚሁ አርባምንጭ ሥራ ይዞ የቀረ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ከተሰናዳ ቆይቷል። ሽማግሌውን የሚቀበለው አባቴ ደግሞ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር ከወንድሜ ጋር ነው የሚኖረው። ሸማኔ ነው፤ ነበር ልበል፣ ስኳር ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ካስቆረጠው ወዲህ ሽመናውን ትቷል። ቀን በተባለ ቁጥር «ትንሽ ይቆይ» ይላል። ለምን ሲሉት ወሬ ይለውጣል። እናቴ የለችም፣ በመካከላችን ገብቶ የሚያግባባን ሰው የለም። ልጁን አልወደደውም ማለት ነው አልኩ፤ የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ፣ ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል ብሎ። ይህን ሳብሰለስል ቢሮ ተቀምጬ እንኳ ቀልቤ እኔ ዘንድ አልነበረም።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ከቤት አለመውጣቱ ነው ያከፋው አልኩ። ቢንቀሳቀስ ፊቱ ይፈታል፣ ፊቱ ሲፈታ የኔም ነገር ይፈታል።

ዊልቸሩን ያገኘሁት ብዙ ደጅ ጠንቼ ነው። በአይሱዙ አስጭኜ ኦቾሎ ሳደርሰው ዓለም የኔ የሆነች መሰለኝ። ኦቾሎን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ከግቢያችን በር እስከ ጎረቤት ድረስ ድንጋይ ነው፣ ጎማ የሚሽከረከርበት መሬት የለም። አባቴ ተቀመጠበት፣ እስከ በሩ ገፋነው፣ ከዚያ «መልሱኝ» አለ። በሌላ ጊዜ ስመጣ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። «ይኸው ሥራ አልፈታም» አለኝ። ሳቄ መጣ።

ቀጥዬ ክራንች ወሰድኩለት። ክራንቹን ሞከረው፣ እንዲያውም ለብቻው እስከ ጓሮ ደረሰ። እኔ በደስታ የማደርገውን ሳጣ አንድ ጎረቤታችን ሰላም ሊለው መጣ። አባቴ እጁን ሲዘረጋ ክራንቹ ከብብቱ አምልጦት ሰውየው ላይ ተደገፈ። ሰውየው ደግፎ ያዘው፣ ምንም አልሆነም። አባቴ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላም፣ ክራንቹንም ከግድግዳው ጋ አስደግፎ ዳግመኛ አልነካውም። ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያ፣ ዎከር የሚሉትን፣ ላምጣልህ ስለው «አንቺ ልጅ፣ ሱቅ ልትከፍቺብኝ ነው?» አለኝ። ያን ሰሞን ሙሉ አኮረፍኩት።

ለሐኪም ክትትል ወደ ከተማ ባወረድነው ቀን የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይዤው ገባሁ። ልጅ እግር ናት፣ ከተመረቀች ብዙም አልቆየች። ሰው ሠራሽ እግር ለማስገጠም ቁስሉ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት አለች። መጠበቅ የሚለውን ስሰማ ደሜ ፈላ። ስለ ዊልቸሩ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ክራንቹ ማውራት ጀመርኩ፤ አላቆምኩም። በትህትና አቋረጠችኝና ወደ አባቴ ዞራ በእኛው በጋሞኛ ጠየቀችው።

«አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ምን ማድረግ ነው የሚፈልጉት?»

አባቴ ቆቡን አወለቀ። «ብድግ ማለት» አላት።

«ተነሥተው የት ሊሄዱ?»

«የትም አልሄድም። ሰው ሲገባ ብድግ ልል ነው፣ እጅ ልጨብጥ ነው። የልጄ ሽማግሌ ቤቴ ሲመጣ እንደ ጉልቻ ተጎልቼ ልቀበል?»

ለካ ልጁን አልጠላውም። ደስ ሊለኝ ሲገባ በገንኩ፤ ለኔ ያልነገረውን ዛሬ ላያት ልጅ ይነግራታል? ወጥተን መኪና ስንጠብቅ ይህንኑ አልኩት። «ለማግባት ለምትጣደፍ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል እንዴ» አለና ፊቱን ከሩቅ ወደሚታየው ሐይቅ አዞረ።

መፍትሔው ሲመጣ ደግሞ እኔን አላማረኝም። ጎማ ያለው፣ ብረቱ የሚያብረቀርቅ ነገር ስጠብቅ ልጅቷ ያዘዘችው መቀመጫው ከፍ ያለ፣ የክንድ መደገፊያው የጠነከረ የእንጨት ወንበር ነው። ከወንበሩ በስተግራ፣ በቤቱ ምሰሶ ላይ፣ በወገብ ቁመት የሚታሰር መያዣ አለ። በግራ እጁ መያዣውን ጨብጦ ራሱን ይስባል፣ ቀኝ እጁ ለሰላምታ ነፃ ይሆናል። ሲቀላ ያለ አናጢ ሠራው፣ ወንድሜ መያዣውን በቡሎን አጠበቀው። ዕድሜውን ሙሉ የሽመና መወርወሪያ ሲወረውር የኖረ ክንድ ነው፣ ቶሎ ለመደው። ወንድሜን ውጣና ግባ እያለ አሰለቸው፤ እሱ በገባ ቁጥር አባቴ ብድግ ይላል። ልጅቷ «ሰላም ብለው ወዲያው ይቀመጡ፣ ብዙ አይቁሙ» ብላዋለች። የሽማግሌውን ቀን ራሱ ቆረጠ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፦ ከጎጃም የመጡት የልጁ አጎት፣ የመሥሪያ ቤት አለቃው፣ ሦስተኛው አከራዩ፣ ሲቀላ ሱቅ ያላቸው ሐጂ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጠርዝ አያለሁ። ገና ብቅ ሲሉ አባቴ መያዣውን ጨብጦ ብድግ አለ። አንድ በአንድ ጨበጣቸው። እንባዬ መጣ። «አረፍ በሉ» አላቸው።

አጎትየው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «የመጣንበት ጉዳይ ምላሽ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ።

በእሳቸው አገር ወጉ እንዲህ ነው ለካ። በእኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ነገሩን የሚያነሣው። ይህን ለአባቴ የነገረው የለም፣ እኔም አላውቅም ነበር። እነሱ ቆመው እሱ አይቀመጥማ። አጎትየው ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ናቸው፤ ከዘር ማንዘር ጀመሩ፣ ወደ ልጁ ትምህርት አለፉ፣ ወደ ጠባዩ፣ እንደገና ወደ አያቱ ተመለሱ። የአባቴ ግራ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መያዣው ላይ ጣቶቹ ነጡ። ወንድሜ አንድ እርምጃ ቢጠጋ በዓይኑ መለሰው። ሮጬ ልወጣ ፈለግሁ፣ ግን የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። መጋረጃውን በጥርሴ ነክሼ ቆምኩ።

ደግሞ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም፤ ይህን እኛም እነሱም እናውቀዋለን። ከዘመድ ልማከር ይባላል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። አጎትየው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲሉ አባቴ ሸማ ሲሸጥ ገበያ ላይ በለመደው አማርኛው «ልጄ የእናንተ ነው፤ ተቀመጡ» አለ።

በእሱ አማርኛ «ነው» እና «ናት» ብዙም አይለያዩም። ሦስቱ ተያዩ፤ ለሁለተኛ ቀጠሮ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። መጀመሪያ ሐጂው ተቀመጡ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። አባቴ ሁሉም መቀመጣቸውን አይቶ ተቀመጠ።

ከሸኘናቸው በኋላ አላስቻለኝም። አጠገቡ በርከክ ብዬ፣ «አባዬ፣ እውነት ዛሬ ልትሰጠኝ ነበር ያሰብከው?» አልኩት።

«ፋሲካ ይለፍ ልላቸው ነበር» አለ በጋሞኛ፣ በራሳችን ቋንቋ። «ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ክረምቱ ይለፍ። ትንሽ የኔ ሆነሽ ብትቆዪልኝ ብዬ።»

ግራ ክንዱ ጭኑ ላይ ተጋድሞ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«ምን ላድርግ» አለና ክንዱን ወደኔ ዘረጋው። «ይህ ነው የዳረሽ። ማሸቱ ያንቺ ፈንታ ነው።»