መርዶ በሳቫዪ ደሴት

መልእክቱ የገባው መርከቡ ከሳሞአዋ ኡፖሉ ደሴት ወደብ ተላቆ አፍንጫውን ወደ ሳቫዪ ሲያዞር ነው። ዘለቀ ስልኩን ያወጣው ሚስቱን ፎቶ ሊያነሳ ነበር። እታገኝ ጀርባዋን ለውቅያኖሱ ሰጥታ፣ ፀጉሯን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ነፋሱ እብድ ሳያስመስለኝ።»

ከስክሪኑ አናት ላይ የዓለምሰገድ ስም ብቅ አለ፤ አሰላ የሚኖረው ወንድሟ ነው። «ዘሌ፣ አባዬ ማታ አረፈ። ድንገት ነው። እማዬ ደህና ናት፣ ሰው ከቧታል። እቱ እንዳትሰማ አደራ፤ ስትመለሱ በወጉ ይነገራታል።»

«አነሳኸኝ?»

«አነሳሁሽ» አለ ዘለቀ። አላነሳትም። ስልኩን ኪሱ ከቶ የመርከቡን የጠርዝ ብረት ጨበጠ።

ዘለቀ የፍሪጅ ሰው ነው። ተግባረ ዕድ የተማረውን ሙያ ይዞ በዲቪ ሎስ አንጀለስ ከገባ ወዲህ፣ ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ሬስቶራንቶች ጓዳውን የማያውቀው የለም። ሥጋ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ክፍል ገበያ በሞቀበት ሰዓት ቢቆም መጀመሪያ የሚደወለው ለሱ ነው። ከሚኖርበት ከሃውቶርን ድራይቭ አድርጎ እስኪደርስ ባለቤቶቹ በር ላይ ይንቆራጠጣሉ። እሱ ግን አይቸኩልም። ጋዝ ባነሰ ቁጥር ጋዝ የሚሞላ ሰው ሙያተኛ አይደለም ባይ ነው፤ መጀመሪያ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለጋል፣ ይደፈናል፣ ከዚያ ይሞላል። የቤቱንም ጉዳይ የሚይዘው እንደዚሁ ነው።

ጉዞው የእታገኝ ሐሳብ ነበር። ፒኮ ሮበርትሰን ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አብራት የምትሠራ ሳሞአዊት ጓደኛ አለቻት። ሽማግሌ ሲያነሱና ሲያስተኙ ለዓመታት ስለ አገሯ ስታወራላት ኖራለች። አክስቷ ሲና ሳቫዪ ላይ ለእንግዳ የምታከራያቸው የባሕር ዳር ጎጆዎች አሏት። ዘለቀ «ለባሕርማ ሳንታ ሞኒካ ምን አነሳት? ችግሯ ፓርኪንግ ብቻ ነው» እያለ ሲያሾፍ ከረመ። በጸደይ ወራት ግን አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበትና ሐኪሙ ናሙና ቆንጥሮ ለምርመራ ወሰደ። ምንም የለም ተባለ። እታገኝ ውጤቱን ስትጠብቅ በሰነበተችበት ሰሞን ክፉኛ ደንግጣ ስለነበር፣ «ጌታ አንተን ከተወልኝ ያልኩህ ቦታ ትወስደኛለህ» ብላ ቃል አስገባችው። ቃሉን አክብሮ መጣ።

አሁን መርከቡ ላይ ቆሞ ወሬው ሊያፈስ የሚችልበትን ቀዳዳ ሁሉ አሰበ። ስልኳ። ቫይበር። ፌስቡክ፤ አሰላ ያለ ዘመድ ሁሉ ዛሬ የአባቷን ፎቶ መለጠፉ አይቀርም። ልጃቸው ማዕዶት። ደግሞ የተገላቢጦሹም አለ። እታገኝ የአበባ ጉንጉን ደፍታ የተነሳችውን ብትለጥፍና ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቢያየውስ?

የባሰው እሑድ ነው። እታገኝ እሑድ እሑድ ከቸርች በኋላ ለአባቷ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። የመመለሻ በረራቸው ደግሞ ከእሑድ በኋላ ነው። ወደብ እንደወረዱ ዘለቀ ሽንት ቤት ሄድኩ ብሎ አየር መንገዱ ጋ ደወለ። ከእሑድ በፊት ያለው በረራ ሁሉ ሞልቷል።

እዚያው ሳለ ከጋሼ አስፋው የድምፅ መልእክት ገባለት። ጋሼ አስፋው የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዓለምሰገድ ነግሯቸው ኖሯል። «ዘለቀ፣ በርታ። ሰው አገር ለብቻዋ እንዳትነግራት። ስትመጡ እኛ በጠዋት ቤታችሁ እንመጣለን። እስከዚያ ቻለው።»

ሲወጣ እታገኝ ስልኳን እያገላበጠች አገኛት። «ኢንተርኔት የለኝም። እዚህ ካርድ ይሸጣል አሉ፣ ግዛልኝ።»

«የኔ ይበቃናል። እዚህ እሳት ነው ዋጋው።»

«ውይ፣ የፌርፋክስን ዋይፋይ በጀሪካን ይዘህ ብትመጣ ደስ ባለህ» አለችና ሳቀች። «ኦኬ፤ እሑድ ግን ለአባዬ እደውላለሁ፣ በአንተም ይሁን።»

«በኔም ይሁን» አለ።

አውቶቡሱ መንደር ለመንደር ሲሄድ በየቤቱ ደጃፍ፣ ከበሩ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በሴራሚክ የተለበጠ መቃብር አለ። አንዱ ላይ ልጆች ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ሌላው ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል።

«እይ ዘሌ፣ አባቶቻቸውን ደጃቸው ላይ ነው የሚቀብሩት።»

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«መሄጃው ቅርብ ነው ማለቴ ነው» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

የሲና ጎጆ ግድግዳ የለውም። የሳር ክዳን፣ ምሰሶ፣ ከፍ ያለ የእንጨት ወለል፣ ከዝናብ ለመከለል የሚወርድ የተጎነጎነ ቅጠል፤ ሌላ የለም። እታገኝ በደስታ ልትሞት ደረሰች። ዘለቀ ግን ገና ሲያየው መሸሸጊያ ጥግ ፈለገ። እዚህ ቤት ስልክ አንስቶ ማንሾካሾክ እንኳ አይቻልም። እታገኝ ገላዋን ስትታጠብ ጠብቆ ኮኮናቶቹ ሥር ሄደና ለማዕዶት ደወለ። አጎቷ ቀድሞት ነግሯታል።

«ምንም ነገር እንዳትለጥፊ፣ እሺ? እናትሽም ብትጽፍልሽ ዝም በይ።»

«ዳድ፣ ኖ። ይሄ ልክ አይደለም። የሷ አባት ነው እኮ።»

«የሷ አባት ስለሆነ ነው እንዲህ የማይነገራት።»

«ጠይቀሃታል? መስማት ትፈልግ እንደሆነ?»

«እንዴት አድርጌ ልጠይቃት? ከጠየቅኳትማ ነገርኳት።»

የማዕዶት ለቅሶ ተሰማ። «ሶ እኔስ? እኔም እኮ ብቻዬን ነኝ እዚህ።»

ዘለቀ ይህን አላሰበውም ነበር። ቀዳዳ ሲደፍን ልጁን እንደ ቀዳዳ ብቻ ቆጥሯታል። «አሁኑኑ ተነሺና እትዬ ካሳነሽ ቤት ሂጂ» አላት። እትዬ ካሳነሽ የጋሼ አስፋው ባለቤት ናቸው። «እዚያ እደሪ። ብቻሽን እንዳትሆኚ።»

የቀጠሉት ቀናት ለእታገኝ የሠርግ ያህል ነበሩ። ባሕሩ ከጥቁር ድንጋይ ሥር ገብቶ በቀዳዳ ወደ ሰማይ ሲተኮስ አየች። በታንኳ ትንሿን ማኖኖን ዞረች፤ መኪናም ውሻም የሌለባት ደሴት ናት። ውሃ ስትፈራ የኖረችው ሴትዮ በሲና ሰፊ እጅ ተደግፋ መንሳፈፍ ለመደች። «ዘሌ፣ እየኝ፣ እንደ ቅጠል» ትላለች። ዘለቀ ዳር ቆሞ ያያል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በመዳፉ ጭኖ ድምፁን ያፍናል።

ሳሌሎሎጋ ገበያ ላይ ከቅጠል የተጎነጎነ ባርኔጣ አነሳች። ዘለቀ ራስ ላይ አድርጋ ዙሪያውን በጣቷ ለካች።

«የአባዬ ራስ ካንተ ይሰፋል። ከፍ ያለ የላችሁም?»

ሻጭዋ ሌላ አመጣች። እሱንም ዘለቀ ላይ ለኩ። እታገኝ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አየችው፤ «ይሄ ልክ ይመጣለታል» አለች። ለአንዲት ብሎን ከዕቃ መደብር ሻጭ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከረው ዘለቀ ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቅ ብር አውጥቶ ሰጠ። እታገኝ ቀና ብላ ተመለከተችው።

የታዘበችውን የተናገረችው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው።

«ዘሌ፣ ተቀመጥ እስቲ።»

«ምን ሆንኩ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ። ምግብ አትበላም። ስልክህን ይዘህ ኮኮናት ሥር ትሸጎጣለህ። ያልኩህን ሁሉ እሺ ትላለህ። አንተ መቼ ነው እሺ ብለህ የምታውቀው?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ ብዬ ነው።»

አልሳቀችም። «ሐኪሙ ደወለልህ አይደል? ተሳስተናል አለህ።»

«ኧረ በጌታ፣ እቱ፤ ምንም የለብኝም።»

«እንዳላዝን ብለህ ነው። ዕረፍቷን ትጨርስ ብለህ።»

ግማሹን አግኝታዋለች፤ ሰውየውን ነው የሳተችው። በዚህ መካከል ከመንደሩ የቀንድ አውጣ ዛጎል ተነፋ። የማታ ጸሎት ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ባለበት ቆመ፣ ከየጎጆው መዝሙር ተሰማ። እታገኝ ተንበረከከች። መዳፏን አንገቱ ላይ፣ ሐኪሙ የቆነጠረበት ጠባሳ ላይ ጫነች፤ እያለቀሰች ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። ዕድሜ ለመነችለት። በሌለ በሽታ ላይ እጇን ጭና «አባቴንና እሱን ጠብቅልኝ» አለች።

ዘለቀ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ጸሎቱ ሲያልቅ ኮኮናቶቹ ሥር ሄዶ ለጋሼ አስፋው ደወለ። ሎስ አንጀለስ ገና ዓርብ ነው።

«ልነግራት ነው፣ ጋሼ።»

«አይሆንም። ማን ይይዛታል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተ ባል ነህ። ባል ከሰው አይቆጠርም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ባል ራሱ የሚያዝ ነው። መርዶ ሰው ተቀምጦ ነው። እዚያ ማን አላችሁ?»

«ነገ አባቷ ጋ ልትደውል ነው። አሁን ደግሞ እኔን ሊሞት ነው ብላ ይዛኛለች። ምን ልበላት?»

«እንግዲያው ሰው ፈልግ» አሉ ጋሼ አስፋው። «ከየትም ይሁን። በጠዋት አስቀምጥና ንገራት።»

ሲና ከማድቤቱ ደጅ ለእሑድ ምሳ የሚሆን ጎደሬ ትልጥ ነበር። ዘለቀ በሚችለው እንግሊዝኛ ነገሩን አስረዳት። ቢላዋውን ሳታስቀምጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ስንት ሰው ትፈልጋለህ?»

ዘለቀ አሰበ። «አራት?»

«አራት ሰው ለአባት?» አለች ሲና ታዝባው። «ይሄማ አሳማ ሲሞት ነው። ሂድ ተኛ፤ እኔ አውቃለሁ።»

አልተኛም። ሰዎቹ ሲመጡ እታገኝ የሱን ነፍስ ሊሸኙ የመጡ ቢመስላትስ? ባይመጡስ? ወይ መዝሙር እየዘመሩ ቢመጡና ደንግጣ ብትነቃስ? ወፍ ሲንጫጫ ቀና አለ። በባሕሩ ዳር ሴቶች እየመጡ ነው። እሑድ ስለሆነ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰዋል። ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ተከትለዋቸዋል። ጫማቸውን ወለሉ ሥር አውልቀው ወጡና በየምሰሶው ዙሪያ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ማንም ድምፅ አላሰማም።

እታገኝ ዓይኗን ገለጠች። በጠዋት መጥቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለሷ አስረጂ አያስፈልጋትም። ተነስታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ሳበች። መጀመሪያ ዘለቀን አየች፤ ክንዱን ጨበጥ አደረገችው። ሙቅ ነው።

«ማዕዶት?» አለች።

«ደህና ናት። እትዬ ካሳነሽ ጋ ነች።»

«አንተስ?»

«እኔም ምንም የለብኝ። እውነቴን ነው።»

አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። «አባዬ ነው» አለች።

ዘለቀ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀው ቃል ነበር። አንዱም አልወጣም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እታገኝ ስትጮህ ሲና ቀድማ ደረሰችና እዚያ ሰፊ ደረቷ ላይ አስገባቻት። ሌሎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው እጇን፣ እግሯን፣ ትከሻዋን ያዙ። አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር አነሳች፣ የቀሩት ተቀበሏት። ዘለቀ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሱሪውን ጎተት አድርጎ አጠገቡ አስቀመጠው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ለቅሶዋ ጋብ አለ። «መቼ ነው?» አለች፣ ሳታየው።

«ማክሰኞ ማታ።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«መርከቡ ላይ።»

አስላች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል። «ውሃ ውስጥ ስስቅ ታየኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር።»

«ዝም ብለህ።»

«ዝም ብዬ።»

ፊቷን ወደ ሲና መለሰች። ከዚያ በኋላ ከሱ ጋር አልተነጋገረችም። በስልኩ አሰላ ደወለላት፤ ከእናቷ ጋር እየተቀባበሉ ሲያለቅሱ ዘለቀ ስልኩን አፏ ላይ እንደያዘ ቆመ። ውሃ አቀረበ፣ ጠጣች። ምግብ አቀረበ፣ እምቢ አለች፤ ሲና ስታቀርብላት ግን በላች። በልቶ እንደሆነ የጠየቀችው ማዕዶት ብቻ ናት።

በመመለሻው ቀን መርከቡ ላይ ሻንጣውን መካከላቸው አድርጋ ተቀመጠች። ሳቫዪ ከኋላ እያነሰች ሄደች። ባሕሩ ሸካራ ነበርና ሻንጣው ሲንሸራተት ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደው ያዙት። እጇን አላነሳችም።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ» አለች።

«እሺ።»

«ዘሌ። የመጣው ይምጣ፣ ንገረኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

እናቷ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ዓለምሰገድ መጀመሪያ የሚደውለው ለማን እንደሆነ ዘለቀ ያውቃል፤ ጋሼ አስፋው ምን እንደሚሉትም ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ በልብሱ ላይ ዳሰሰው። ለሚስቱ እሺ ሲል እውነቱን ይሁን ውሸቱን እሱም አላወቀም።