የጋሽ እንድሪስ ሁለት መስታወቶች

ባለፈው የጾም ሰሞን ለሰላጣ ብዬ ሆምጣጤ ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝና ቆም አልኩ። ልጄ «ምነው እማዬ?» አለችኝ። «ፎቶ ቤት ሸተተኝ» አልኳት። አልገባትም። እሷ የምታውቀው ፎቶ በስልክ የሚነሳውን ነው።

መርሳ ከተማ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከቤታችን ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የጋሽ እንድሪስ ፎቶ ቤት ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከቀዩ መጋረጃ ጀርባ፣ ፎቶ ከሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ያ የሆምጣጤ ሽታ ይወጣል። ግድግዳው ላይ በቀለም የተሳለ ሐይቅ አለ፤ ከጎኑ በምስማር የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት። ኮት የሌለው ሁሉ እሱን ለብሶ ይነሳ ነበር። የመርሳ ወንድ ግማሹ በፎቶ ላይ የለበሰው ያንኑ ኮት ነው።

ጋሽ እንድሪስ ካሜራቸው ውስጥ የሚቀያይሯቸው ሁለት ትንንሽ መስታወቶች ነበሯቸው። የሚነሳው ሰው መልክ መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ እሳቸው ከኋላ ባለችው ቀዳዳ እያዩ ሌንሱን በእጃቸው እያዞሩ እንዲጠራ ያደርጉታል። አንዱን መስታወት «ጉም» ይሉታል፤ መልኩ ከጉም እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይጠራል። ሌላውን «ስንጥቅ» ይሉታል፤ መሃሉ ላይ ባለች ክብ ውስጥ ፊት ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፣ ሌንሱ ልክ ሲሆን ሁለቱ ግማሾች ይገጥማሉ። በወጣትነታቸው የሚወዱት ጉሙን ነበር አሉ። ዓይናቸው ሲደክም ወደ ስንጥቁ ዞሩ። «ጉሙን አሁን አላምነውም፤ ጠራ ስለው ሳይጠራ ይቀራል» ይሉ ነበር።

ወንድሜ ስዩም ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ በማግስቱ ሊሄድ ነበር። ከዚያ በፊት አንድም ፎቶ አልነበረውም። እናቴ፣ ብዙ የማትናገር፣ ኪዳን የማታስታጉል ሴት፣ ይዛን ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። ስዩም ኮቱን ለብሶ ተቀመጠ። ጋሽ እንድሪስ ደስ ሊያሰኟት ብለው «ኑ እስቲ እትዬ ዘነቡ፣ ሙሽራዎን ይዩት» አሏት።

እናቴ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ወዲያው ወደ ኋላ አለች። አማተበች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ የልጄ ፊት ተቆርጧል።»

«የተሰነጠቀው የኔ መስታወት ነው እንጂ እሱማ ሙሉ ነው። ወረቀቱ ላይ አይወጣም።»

«አይውጣ። እኔ ግን አይቸዋለሁ። ዘማች ልጅ እንዲህ ሆኖ አይነሳም። ይቅርብኝ።»

ስዩም «እማዬ፣ ጠላት ሳያገኘኝ አንቺው ቆረጥሽኝ?» ብሎ ሳቀ።

«ዝም በል» አለችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባት ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግን ሌንሱን ነቀሉ፤ በወረንጦ ስንጥቁን አውጥተው ጉሙን አስገቡ። ከዚያ አዩ። ሌንሱን ወዲህ አዞሩ፣ ወዲያ አዞሩ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው እንደገና አዩ። ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች፤ ሌላ ፊልም ከደሴ እስኪመጣ ስዩም የለም።

«አልዋሽዎትም እትዬ፣ ዓይኔ አይለየውም። አንቱ ይዩልኝ።»

«እኔ?»

«የሱን ፊት ከአንቱ በላይ ማን ያውቀዋል? እኔ አዞራለሁ፤ ልክ ሲጠራ ይበሉኝ።»

እናቴ ጎንበስ አለች።

«አልጠራም… አልጠራም… አለፈ፣ ትንሽ ይመለሱ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ታየችኝ። ሽፋሽፍቱም ታየኝ።»

«ዓይንዎን አያንሱ» አሉና የካሜራውን ቁልፍ ተጫኑ።

ካሜራው ቀጭ ሲል መስታወቱ ለቅጽበት ይጨልማል። ይህን ማንም አልነገራትም።

«ጠፋብኝ» አለች።

«ይመለሳል፤ ይዩት።»

«አዎ፣ አለ። ተመስገን።»

ስዩም በማግስቱ ሄደ። አልተመለሰም። መርዶው በመጣ ቀን ጋሽ እንድሪስ ድንኳናችን ውስጥ፣ በሩ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። እናቴ በስንጥቁ ያየችውን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንስታባቸው አታውቅም። ቡና ሲጠራሩ እንደ ድሯቸው ይጠራሩ ነበር።

አሁን ሁለቱም የሉም። ጠዋት ስጸልይ ስማቸውን አብሬ እጠራለሁ። ጋሽ እንድሪስ በእስልምናቸው ነው ያረፉት፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

ፎቶው እኔ ጋ ነው። ጥርት ብሎ ነው የወጣው፤ ጠባሳዋ እንኳ ትታያለች። የሚያየው ሰው ሁሉ «ካሜራውን እንዴት ቀጥ ብሎ ያያል» ይለኛል። እኔ እዚያ ነበርኩ። ስዩም የሚያየው ካሜራውን አይደለም፤ ከኋላው ጎንበስ ብላ የምትፈልገውን እናታችንን ነው። ከንፈሩ ላይ ሳቅ ሊል ጥቂት የቀረው ለዚያ ነው።