በቅጠል የተከደነው ጉድጓድ

በጉድጓድ ቆፋሪነት የተቀጠርኩ ዕለት አለቃችን ኦቦ ደሜ ጡንቻዬን አላዩም። «ትፈራለህ?» ብለው ጠየቁኝ። መዋሸቱ አስጠልቶኝ «እፈራለሁ» አልኳቸው። «እንግዲያው ትሆነኛለህ» አሉና የገመድ ጫፍ አስያዙኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። አዳማ ገና በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ውሃ ብርቅ ነው። ከደራ እስከ ሞጆ እየዞርን እንቆፍራለን። ኦቦ ደሜ ዶማ ከማንሳታቸው በፊት ዛፉን፣ ኩይሳውን፣ የአፈሩን ቀለም ያያሉ። «መሬት ብቻዋን አትኖርም፤ ከላይ የበቀለው ከታች ያለውን ይናገራል» ይሉን ነበር።

ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ቆፋሪ ወገቡን ሳይታሰር አይወርድም፤ ከእሱም በፊት የበራ ፋኖስ ይወርዳል፤ ፋኖሱ ታች ከጠፋ ሰው አይገባም።

ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ነጋዴ ግቢያቸው ውስጥ አስቆፈሩን። ውሃው ሊደረስበት ሲል ክረምቱ በረታና ሥራው ቆመ። ሐጂ ፍየሎቻቸው እንዳይገቡ ፈርተው የጉድጓዱን አፍ በእርጥብ ቅርንጫፍ ከደኑት። ዝናቡ ቅጠሉን እያራገፈ ወደ ታች ከተተው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ስንመለስ ክብሪታችን ርሶ አልጫር አለ። ኦቦ ደሜ ለፋኖሱ ፍም ሊለምኑ ጎረቤት ሄዱ። ጓደኛዬ ቱሉ ግን ችኩል ነው።

«ቆይ እንጂ፣ ይምጡ» አልኩት።

«በገዛ እጄ የቆፈርኩትን ጉድጓድ ልፍራ እንዴ?» ብሎ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ።

ገመዱን ይዤ ጆሮዬን ጣልኩ። የዶማ ድምፅ የለም። ብጠራው መልስ የለም። ገመዱን ለሐጂ ሰጥቼ ልወርድ ስል ኦቦ ደሜ ደርሰው ከኋላ አነቁኝ።

«ሁለት ሬሳ ልታስወጣኝ ነው? ሳብ» አሉኝ።

ሦስታችንም ሳብን። ቱሉ ከንፈሩ ጠቁሮ ወጣ። ደረቱን እያሸን፣ በጋቢ እያራገብንለት ስንጨነቅ ቆይተን በመጨረሻ አቃሰተ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

«ወላሂ ቅጠል እንጂ መርዝ አልጣልኩም» አሉ ሐጂ።

«ቅጠልም ሲበሰብስ ይተነፍሳል ሐጂ። የቱሉን አየር እሱ ጨረሰበት» አሏቸው ኦቦ ደሜ።

ብስባሹን ከላይ ሆነን በባልዲ እያወጣን፣ ጉድጓዱን ክፍት አድርገን ሰነበትን። ፋኖሱ ታች ድረስ ወርዶ ሳይጠፋ እስኪመለስ ማንም አልገባም። ቱሉ ከዚያ ወዲያ ገመድ ያዥ ሆነ፤ ወራጁ እኔ ሆንኩ። ሥራውን እስክተው ድረስ እየፈራሁ ነው የወረድኩት።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህን ነው። የጉድጓድ አፍ በሳንቃ ይከደን። እሳት በማይቆይበት ሰው አይቆይም። ጓደኛህ ከታች ዝም ካለ ተከትለኸው አትውረድ፤ ሳበው።