ያላገባው ዘመን

መሪጌታ አባይነህ ሞላሌ ተወልደው፣ ለትምህርት ወሎ ተሻግረው፣ ተመልሰው ሞላሌ ያረጁ የባሕረ ሐሳብ ሰው ናቸው። በየመስከረሙ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ሰፊው ሕዝብ እልል ይላል፤ እንዴት እንደተገኘ ግን አይጠይቅም። መጠየቅ ያደክማላ!

እሳቸው ይጠይቃሉ። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ሲገባ ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ለአራት ቢያካፍሉት አንድ ተረፈ፤ ማቴዎስ ተባለ። ትርፉን አውጀው ቢጨርሱም አንድ ነገር ከነከናቸው፦ ምንም ሳያስተርፍ የሚያካፍለው ቁጥርስ ማን ይሆን? በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ ሞከሩ። እምቢ አለ።

ገበያው ዳር ለሚሰፋው ለባድሩ ነገሩት።

«የኔታ፣ ይሄ ቁጥር አካፋይ የለውም። ወንደላጤ ነው» አለ ባድሩ፣ መኪናውን እየረገጠ።

«ወግድ! ሦስትና ሰባት ልጆች ናቸው፣ ብቻቸውን ይኑሩ። ይህን ያህል የገዘፈ ቁጥር ሳያገባ ይቀራል?»

«ካላገኙለትስ?»

«በርኖሴን ውሰድ!»

የሞላሌን ብርድ የሚያውቅ ሰው በርኖስ አያስይዝም። ሚስታቸው እመት አመተሥላሴ ሲሰሙ፣ «ጠጉሩን የፈተልኩት እኔ፣ የሚያስይዙት እርስዎ! ለቁጥር ሚስት ሲፈልጉ ራቁትዎን ሊቀሩ ነው?» አሉ።

በገበያ ቀን መሪጌታ የባድሩን የቆርቆሮ በር በልብስ ሰፊ ሳሙና ቁጥር እየጻፉ ሞሉት። ሥራ ፈቱ ሁሉ ከበባቸው፤ የተጨነቀው ለዘመኑ ሳይሆን ለበርኖሱ ነው። ድንገት «ገባ! በአራት ገባ!» ብለው ጮኹ። ሕዝቡም እልል አለ።

ባድሩ ወጥቶ አየ። «የኔታ፣ በአራትማ አንድ ተረፈ ብለው ማቴዎስን ያወጁልን እርስዎ አይደሉ? ደግሞ የጻፉት ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስድስት ነው። አንዷን ማን በላት?»

«አንዱማ ለዘመን ይጎድላል...» ብለው የጻፉትን መልሰው አዩት። በባሕረ ሐሳብ ጾሙን ለማውጣት ዓመተ ዓለሙ ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈል፣ ገና ላላለቀው ዓመት ከትርፉ ላይ አንድ መቀነስ ደንብ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲቀንስ የኖረ እጃቸው እዚህም ከዋናው ቁጥር ቀንሶ ኖሯል። እልል ያለው ሕዝብ ደግሞ መስከረም ላይ ለማቴዎስም እልል ያለው ራሱ ነው፤ ጉሮሮው እንጂ ጆሮው አልሠራም።

ሳሙናውን አንሥተው እንደገና ጀመሩ። ሰማንያ ስድስት ሲደርሱ አቆሙ። ሰማንያ ሰባት በራሱ ቢባዛ ዘመኑን ያልፋል፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር፣ ከሱ የሚያንሰው ጓደኛው ቀድሞ በተገኘ ነበር።

በርኖሱን አወለቁ።

«ተዉት የኔታ፣ ብርዱ ይገድልዎታል።»

«ቃል ነው፣ ውሰድ! ይልቅ የከርሞውን እንየው።» በሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት ብለው ጻፉ። «በሁለት ይገባል። በሦስትም። በሰባትም! ወይ ጉድ፣ ይሄስ አመንዝራ ነው!»

ባድሩ በርኖሱን ደረበና፣ «የሚቀጥለውስ?» አላቸው።