ቀድሞ የገባ ስለት

የደብራችንን ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ካህናቱ ወደ ብራናው ይመሩታል። እኔን ቢጠይቀኝ ግን ወደ ጃንጥላዎቹ ነው የምመራው። እዚህ ሰቆጣ ለቤተ ክርስቲያናችን ጃንጥላና መጋረጃ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው። ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌ ቀሚስ እየተረተርኩ፣ እንዴት እንደተገጠመ እያየሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ ተማርኩ። ፊደልም እንደዚያው ነው፤ የቄስ ተማሪዎቹ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሲጮኹ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እቀበላቸው ነበር።

በኛ ደብር ጃንጥላ እንዲያው ዝም ብሎ አይገባም። ልጅ የታመመባት፣ መውለድ የዘገየባት ትሳላለች፤ ስለቷ ሲደርስ ባለ ዘርፉን ጃንጥላ በእልልታ ታስገባለች። ስለዚህ አንዱን በዘረጋሁ ቁጥር የሰው ቤት ነው የምዘረጋው። አረንጓዴው ከፋይ መንታ በሰላም የተገላገለችው የጠጅ ሻጯ ነው። ሰማያዊው አገር በታመሰ ጊዜ ከነልጆቿ የተረፈችው የአስተማሪዋ ነው። ያን ጊዜ ግቢው ከየገጠሩ በመጣ ሰው ተሞልቶ ነበር። የሰንበቴ ማኅበርተኛው በየተራው የሚያመጣውን ዳቦ ለመጣው ሁሉ ሲቆርስ፣ “አንተ ከወዴት ነህ?” ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። እኔ በደብሬ የምኮራው ከጣራው ይልቅ በዚህ ነው።

ከጃንጥላዎቹ ሁሉ ግን ያለ ጊዜዋ የገባች አንዲት ቀይ ነበረች። ያስገቧት እናት ከደሃና ወረዳ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው እዚህ ከተማ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ወደ ዓረብ አገር ተነሣች፤ ስትሄድ የተሳለመችው የኛን ደጅ ነው። ወር ሳይሞላ እናትየዋ ሁለት ፍየሎቻቸውን ሸጠው ቀዩን ጃንጥላ ይዘው ከተፍ አሉ።

“ልጅዎ ተመለሰች እንዴ?” አሏቸው የዕቃ ቤቱ ቄስ።

“አልተመለሰችም።”

“ታዲያ ስለት እኮ ከደረሰ በኋላ ነው የሚገባው!”

“እኔ ከታቦት ጋር እንደ ገበያ አልከራከርም። ሰጥቻለሁ፤ እሱም ይስጠኝ።”

እዚያ የነበርነው ሴቶች ሳቅን። አንዲት አፏ የማያርፍ በርበሬ ነጋዴ አለች፣ ጎረቤቴ ናት፤ “ኧረ እማማ፣ ለታቦት ቀብድ ሲያሲዙ ያየሁት እርስዎን ነው!” አለቻቸው።

ዞር ብለው አዩዋት። “ቀብድ የያዘ ቃሉን አያጥፍም፣ ልጄ።”

ከዚያ ወዲህ የጃንጥላዋ ስም “ቀብዷ” ሆነ።

ልጅቷ አንድ ጊዜ በሰው ስልክ “ባሕሩን ተሻገርኩ” አለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ ጠፋ። እማማ ግን በየዓመቱ ለከተራ በዓል አንድ ቀን ተኩል ተጉዘው ይመጣሉ። የተቀደደውን በራሳቸው መርፌ ጥፈው ለዲያቆኑ ያስይዛሉ። ሁላችንም ታቦቱን ስናይ እሳቸው ቀና ብለው ቀዩዋን ያያሉ። “እሷ እስከወጣች ድረስ ልጄ አለች” ይላሉ። ይህን የማያውቅ የደብራችን ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ጥፋቴን የሚያከብደውም እሱ ነው።

አምና ከውጭና ከአዲስ አበባ ልጆቻችን የላኳቸው አዳዲስ ጃንጥላዎች ሲበዙ ሰበካ ጉባኤው ዕቃ ቤቱን አጸዳ። ሽቦአቸው የተሰባበረ አሮጌዎች በአንድ ላይ ታስረው መጡልኝና፣ “ከእነዚህ ጨርቅ እየወሰድሽ ደህናዎቹን ጣፊባቸው” ተባልኩ። ከመካከላቸው ፀሐይ የበላው፣ ጡብ የመሰለ አንድ ነበረ። ቀብዷን ሁልጊዜ የማያት ከታች ሆኜ፣ ከራሴ በላይ ብርሃን ሲያልፍባት ነው፤ ለጥገና ወደ እኔ መጥታም አታውቅም። ጭኔ ላይ ስትሆን አላወቅኋትም። እጀታው ላይ የታሰረ ጥቁር ክር አይቻለሁ፤ ምንድን ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ጨርቋን ቆርጬ አምስት ጃንጥላ ጣፍኩባት።

ጥር ዘጠኝ ጠዋት እማማ ቤቴ መጡ። “ዘንድሮ ማን ነው የሚይዛት?” እያሉ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጡ። በር ሥር የተጣለው ሽቦ ላይ ዓይናቸው አረፈ። አነሡት፤ እጀታውን ዳሰሱት፤ ክሩን በጣታቸው ያዙት። የልጅቷ ማተብ ነበር፤ ስትሄድ አዲስ አስራ አሮጌውን ለእናቷ ትታላቸው ነበር።

“እማማ፣ እኔ ነኝ። ሳላውቅ ቆረጥኳት” አልኩ።

በኽምጥኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ የማውቃት ኽምጥኛ ለገበያ እንጂ ለእንዲህ ያለው አትበቃም፤ አልገባኝም። ከዚያ በአማርኛ፣ “ጨርቋስ?”

“አምስት ጃንጥላ ላይ ነው ያለው።”

“እንግዲያ ልጄን አምስት ቦታ ከፋፈልሻት።”

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ይዤ ወደ ደብሩ አለቃ ሄድኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። አለቃው አዲስ ቀይ ጃንጥላ፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ፣ አስመጡላቸው። እማማ ዳሰሱት። “ያምራል። የባለቤቱ ስለት ይስመርለት። የኔ ግን አይደለም።”

አለቃው፣ “እንግዲህ ይተርተራ” አሉኝ።

“አባ፣ አምስቱም ባለቤት አላቸው እኮ! ነገ ሊወጡ ቀዳዳ ይሁኑ?”

“እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ባለቤቶቹን ጠይቂ።”

መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያችው በርበሬ ነጋዴ ነው፤ አንደኛው ጃንጥላ የእሷ ነበርና። ነገርኳት።

“የኔን ቀደሽ ቀብዷን ልትሰፊ?” ብላ ብድግ አለች። የስድቡን መዓት ስጠብቅ፣ “ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? መርፌ አለሽ ወይስ የኔን ልያዝ?” አለችኝ።

ጠጅ ሻጯም፣ አስተማሪዋም፣ የቀሩት ሁለቱም “እምቢ” አላሉም። እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢው ወይራ ሥር ተቀምጠን ክር እንመዝ ነበር። መቀስ ከለከልኩ፤ በመርፌ ጫፍ ብቻ።

“መቀስ የሚከለክለው ማን ሆነና ነው!” አለች ነጋዴዋ፤ ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ እማማም ሳይወዱ ከንፈራቸው ፈገግ አለ።

ጨርቆቹ ሲመለሱ የትኛው የት እንደነበረ እኔ ጠፍቶኝ ነበር። እማማ ግን እያንዳንዱን አንሥተው የራሳቸውን ስፌት ያያሉ። “ይቺ መጀመሪያ የጣፍኳት ናት። ይቺ አንበጣ ማሽላችንን የበላብን ዓመት። ይቺ መንገድ ተዘግቶ ዘግይቼ የደረስኩ ጊዜ።” እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እገጥማለሁ። ብራና የሚያነብ መሪጌታ ፊት የተቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ።

በማግስቱ፣ ከተራ ረፋድ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ጎደለች። ቁራጯን ከጥራጊ ጋር ጥያታለሁ። ነጋዴዋ ከራሷ ላይ ቀዩን ሻሿን ፈታ ጫፉን በጥርሷ ቀደደችና ለእማማ ሰጠቻቸው።

“ይሄ ደግሞ የኔ ቀብድ ነው” አለች።

ሳቅ የጠበቀ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ልጇ ጅቡቲ ከገባ ወዲህ ወሬው እንደጠፋ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስትቀልድ እኔ ሳቋን ብቻ ነበር የምሰማው። እማማ ጨርቁን ተቀብለው በሁለት እጃቸው አስተካከሉና ራሳቸው ሰፉት።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ወጣ። ቀብዷ አንድ ጎኗ ተንሻፎ፣ ስፌቷ እንደ ጠባሳ ጎልቶ፣ ከፊት ሄደች። አምስቱ ጃንጥላዎች ከኋላ ነበሩ፤ በቀዳዳቸው ፀሐይ እየገባ የዲያቆናቱን ትከሻ ነጠብጣብ አደረገው። ከጋዝጊብላ የመጣ አንድ እንግዳ፣ “ምነው ጃንጥላችሁ ተበሳሳ?” ቢል ነጋዴዋ፣ “ነፋስ እንዲያልፍ ነው፣ የኔ ጌታ!” አለችውና እልልታዋን አቀለጠችው። እማማ ግን ማንንም አልሰሙም። ቀና ብለው እያዩ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት አጠገባቸው ነጋዴዋም ቀና ብላ ትሄድ ነበር።

ሊሰናበቱኝ ሲመጡ፣ “ለከርሞ ስመጣ መቀስሽን እንዳላየው” አሉኝ፤ ጉንጬንም ሳሙኝ።

የልጃቸው ስልክ እስካሁን አልተደወለም፤ የነጋዴዋም ልጅ እንደዚያው። ጥር እየደረሰ ነው። ቀብዷ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ በአንድ በኩል ስፌቷ ላልቷል፣ አልነካሁትም። ቀይ ክር ገዝቼ ከመርፌው ጋር አስቀምጫለሁ። እማማ መጥተው ይሰፏታል።